የ«ነገም ሌላ ቀን ነው» ቀጣይ ፊልም፦ ለእናቴ ላሳያት ወይስ ይቅርባት?

የጠባሴ ልጅ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ ነው። ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል፤ እኔን ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ከረመ።

እናቴ ጡረታ የወጣች የአማርኛ አስተማሪ ናት። የምንኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ቤታችን ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልለው የሚቀመጡ መጻሕፍት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ ዳዊቷ ነው። ሌላው ነቢይ መኮንን የተረጎመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» (የእንግሊዝኛው «Gone with the Wind»)። ሽፋኑ ቢገነጠል አባቴ በብርድ ልብስ ክር ሰፍቶታል። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፣ ክር አይቸግረውም። መጽሐፉን ስትገልጡት ከሰል ከሰል ይሸታል። ክረምት በገባ ቁጥር ማንደጃው ሥር ቁጭ ብላ ነዋ የምታነበው።

ላላነበበ፦ ታሪኩ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ነው። ስካርሌት ኦሃራ የሰው ባል፣ አሽሊን፣ ስትመኝ ኖራ ባሏን ሬት በትለርን እንደምትወደው የሚገባት እሱ የሰለቸው ቀን ነው። ጥሏት ይወጣል። እሷም ወደ እርሻዋ ወደ ታራ ልትሄድ፣ የሚመለስበትንም ዘዴ ነገ ልታስብበት ትወስናለች። አለቀ። ይመለስ አይመለስ ደራሲዋ ትንፍሽ አላለችም።

እኛ ቤት ጦርነቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ «ይመለሳል» ባይ ናት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና «አይመለስም» ባይ ነበር። «ስሙ ራሱ ሬት! ከሬት ምን ማር ትጠብቂያለሽ?» ይላታል። እሷ ደግሞ «ሬት መድኃኒት ነው» ትለዋለች። ቀልድ ነው፤ ግን አንዳንድ ቀን ሽሮው እስኪያር ድረስ ይካረሩ ነበር። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። እናቴ ዛሬም «ይመለሳል» ትላለች። የሚከራከራት ግን የለም።

በቀደም የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በፍላሽ «ስካርሌት» የሚባለውን ተከታታይ ፊልም ይዞልኝ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካ ቴሌቪዥን ያሳየው፣ ባለ አራት ክፍል ነው። መነሻው አሌክሳንድራ ሪፕሊ በ1991 ያሳተመችው ቀጣይ መጽሐፍ ነው። የዋናው ደራሲ ማርጋሬት ሚቼል እጇ የለበትም። እሷማ ቀጣዩን ጻፊ እየተባለች «አልጽፍም» እንዳለች፣ በ1949 አትላንታ ውስጥ ፊልም ልታይ ስትሄድ መንገድ ላይ መኪና ገጭቷት ሞተች። ፈቃዱን የሰጡት ወራሾቿ ናቸው።

የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ ለብቻዬ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ እንደ ሌባ አየሁት። በአሽሊ ሚስት በሜላኒ ቀብር ነው የሚጀምረው። ከዚያ ፈርቼ ዘጋሁት።

እስከ መጨረሻው ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፦ ይመለሳል ወይ? ፊልሙስ ለእሷ የሚሆን ነው? 71 ዓመቷ ነው፣ ግፊትም አለባት። በአንድ በኩል ስንት ዓመት የሳለችውን ሰውዬ አበላሽባታለሁ ብዬ ሰጋሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቀችውን መልስ በኪሴ ይዤ ከእሷ ጋር ቡና መጠጣት አቃተኝ።

ጋሽ ካሴት፦

ልጄ፣ እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ያንን ፊልም አከራይቼዋለሁ። መጽሐፉን ያነበቡት ተናድደው ይመልሱታል፤ ያላነበቡት ደግሞ አንድ ቀን አስረዝምልን ይሉኛል። ከዚህ በላይ ግምገማ አላውቅም።

መልሱን ፈልገሽ የለ? ይመለሳል። እናትሽ አሸንፈዋል። አመላለሱ ግን እንደዋዛ አይደለም። ስካርሌት ቻርልስተን ድረስ ሄዳ እናቱ ቤት ታርፍበታለች። አብረው በጀልባ ሲወጡ ማዕበል ይገለብጣቸውና ሞት ለጥቂት ሲስታቸው ፍቅሩ ያገረሻል። በማግስቱ ሰውየው እንደገና እብስ! እሷ አርግዛ ወደ አባቷ አገር ወደ አየርላንድ ትሻገራለች። እሱ ሌላ ያገባል፣ ሚስቲቱ ትሞትበታለች። ስካርሌት ልጅ መውለዷን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ መንገድ ለመንገድ ነው።

ሬት የሆነው ቲሞቲ ዳልተን ነው፣ ጄምስ ቦንድ የነበረው። እኔ ጋ የሚመጡት ጎረምሶች በቦንድነቱ ነው የሚያውቁት። አንዱ ካሴቱን ሲመልስ «ጋሼ፣ ሽጉጡን ሳያወጣ አለቀ» ብሎ ከሰሰኝ። ሰውየው መጥፎ አልሠራም፣ እውነቱን ልናገር። ግን ከዋናው መጽሐፍ በተሠራው በ1939ኙ ፊልም ሬት የሆነውን ክላርክ ጌብልን ላየ ሰው ከባድ ነው። ጌብል እኮ ሲስቅ አንድ ቅንድቡ ብቻ ነው የሚስቀው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ሎርድ ፌንተን የሚባል ባላባት ይመጣል፣ ሾን ቢን ነው የሚጫወተው። በእሷ ላይ የሚያደርሰው ግፍ ከእናት ጋር ተቀምጦ የሚታይ አይደለም። ከዚያ እሱ ተገድሎ ሲገኝ ስካርሌት ገደልሽ ተብላ ትታሰራለች። ግፉም፣ ግድያውም፣ እስሩም በሪፕሊ መጽሐፍ ውስጥ የሌለ፣ ለቴሌቪዥን የተጨመረ ነው። እዚያ ስትደርሺ ውኃ ላምጣ ብለሽ ተነሺና አሳልፊው።

የመንዝ ባና፦

በፍጹም እንዳታሳያት! ምን ነካችሁ?

እኔ መሐል ሜዳ ነው ያደግኩት። አያቴ ባና ሲሠራ አይቻለሁ። የበግ ጸጉር ባና ሲቀደድ በበግ ጸጉር ይጣፋል እንጂ ናይለን አይለጠፍበትም። ይሄ ፊልም ናይለን ነው። የአማርኛው ርዕስ ራሱ እኮ መጨረሻውን ይናገራል። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ነገውን ካሳያችሁኝ ዛሬ ሆነ ማለት ነው። ምኑን ልጠብቅ?

ሐዲስ ዓለማየሁ ብልህ ነበሩ። በዛብህን ቀበሩ፣ ሰብለን ቀበሩ፣ ጉዱ ካሳንም አልተዉም። ሦስቱንም አፈር አልብሰው ሄዱ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ቀጣይ ክፍል እሠራለሁ የሚል ቢመጣ ዶማ ይዞ ነው መምጣት ያለበት። ማርጋሬት ሚቼል ጥፋቷ ሰዎቿን በሕይወት ትታቸው መሞቷ ነው።

ቆላ ወረድ፦

መንዜው ብርዱ ነው መሰል ጨከንክ። እኔ ያለሁት ሸዋ ሮቢት ነው፤ ማታ ማታ ሙቀቱ ስለማያስተኛ በረንዳ ላይ ፊልም እናያለን። «ስካርሌት»ን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ወድጄዋለሁም።

ሁላችሁም ሬት ሬት ትላላችሁ። ለእኔ የፊልሙ ሰው ሬት አይደለም። እኔን የያዘኝ አየርላንድ ገብታ ባሊሃራን ስትገዛ ነው። ዱሮ የኦሃራዎች የነበረ መሬት ነው። በእኛ አነጋገር የአባቷን ርስት በገንዘቧ አስመለሰች ማለት ነው። አባቷ ጄራልድ እኮ ከመሬት በቀር የሚቀር ነገር የለም እያለ ነው ያሳደጋት። አንዲት ሴት ባሏ ጥሏት፣ ሆዷ ገፍቶ፣ ሰው አገር ሄዳ ርስት ስታቀና ማየት ለሸዋ ሰው እንዴት አይገባውም? እናቴ በርስት ክርክር ፍርድ ቤት ስትመላለስ ነው ያረጀችው። ያቺን ስካርሌት አውቃታለሁ። የዚህኛዋ ስካርሌት ጆአን ዌሊ የድሮዋን የቪቪየን ሊን ያህል ዓይን የላትም ይላሉ። ይሁን። መሬቱ ላይ ስትቆም ግን ታሳምናለች።

የከፋኝ ሌላ ነው። ማሚን፣ የስካርሌትን ጥቁር ሞግዚት፣ ገና ሲጀምር ይገድሏታል። ዋናው ፊልም ላይ ማሚን የሠራችው ሃቲ ማክዳንኤል ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ናት። ሽልማቱን ስትቀበል እንኳ ለብቻዋ ጥግ ያለ ጠረጴዛ ላይ ነበር ያስቀመጧት። አትላንታ ላይ ፊልሙ ሲመረቅማ በጥቁሮችና ነጮች መለያየት ሕግ የተነሳ ሳትገኝ ቀረች። ቀጣዩ ፊልም ይህን ዕዳ ትንሽ ይከፍላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጭራሽ ታሪኩን አየርላንድ ወሰደውና ተገላገለ። የሸሹ ነው የመሰለኝ። እኛም ብንሆን ያኔ መጽሐፉን ስናነብ ስለ ስካርሌት ቀሚስ ተጨነቅን እንጂ ጥጡን ማን እንደሚለቅም አልጠየቅንም። እኔ ራሴ የጠየቅኩት በሁለተኛ ንባቤ ነው።

እህቴ፣ አሳያት። ሴትዮዋ አስተማሪ ናቸው፤ መጥፎ ድርሰት ሲያርሙ የኖሩ ሰው በአንድ ፊልም አይሞቱም።

የመንዝ ባና፦

ርስቱን እቀበላለሁ። ናይለንነቱን ግን አልተውም።

ማሞ ቂሎ 2፦

እኔ የምለው፣ ፍላሹ ሲያልቅ ለማን ነው የሚዋሰው?

የጠባሴ ልጅ፦

እሺ፣ አሳየኋት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ማታ ነው። ገብስ ቆሎ ቆላሁ፣ ቡና አፈላሁ። ላፕቶፑን የአባቴ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ ጋቢዋን ደርባ፣ የማንበቢያ መነጽሯን አድርጋ ተቀመጠች። «ይሄ ለሩቅ አይሆንም» ብላት «ዝም በይ» አለችኝ። ፊልሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ ጎን ሆኜ አስተረጉማለሁ።

ለካ ከእሷ ጋር ማስተርጎም ፈተና ነው! አንድ ዓረፍተ ነገር ስናገር «እንዲህ አትልም፣ ስካርሌት እንዲህ አትናገርም» ትላለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦ «ነቢይ ይሄን መጽሐፍ የተረጎመው ደርግ አስሮት፣ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። አንቺ ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ ቃል ያጥርሻል?» አፈርኩ። ከዚያ በኋላ እየተጠነቀቅኩ ቀጠልኩ።

የሜላኒ ቀብር ላይ አለቀሰች። ማሚ ስትሞትም እንደዚያው። ከዚያ ዳልተን ወጣ። እናቴ ቆሎውን አፏ ጋ አድርሳ አቆመች።

«ይሄ ማነው?»

«ሬት ነው።»

«አይደለም።»

«እማዬ፣ ሬት በትለር እኮ ነው።»

«እኔ ሬትን አላውቀውም? ይሄ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው።»

ጋሽ ካሴት የነገሩኝ ትዝ አለኝና «ክላርክ ጌብልን ስለለመድሽ ነው» አልኳት። ማነው እሱ ብላ ጠየቀችኝ! የድሮውን ፊልም ለካ አይታው አታውቅም። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ስኖር አላወቅኩም። እሷ የምታውቀው መጽሐፉን ብቻ ነው። ታዲያ የትኛውን መልክ ነው ስታይ የኖረችው? ጠየቅኳት።

ቆሎዋን ዘገነች። «ጠይም ነው» አለች። «ረጅም ነው። ጥቁር የቆዳ ጃኬት አለው። ፂሙን በጣም ነው የሚከረክመው።» ዝም ብዬ ሳያት ጊዜ ራሷ ሳቀች። ነገሩ እንዲህ ነው። ሳታገባ በፊት ደብረ ሲና ታስተምር ነበር። በደሴ መስመር ኤንትሬ የጭነት መኪና የሚነዳ ሾፌር ነበር። ጣርማ በርን ሲወርድ ጥሩንባውን ከላይ ጀምሮ ይነፋል። ቆሎ ከሚሸጡት ሴቶች ሁለት ስኒ ይገዛና አንዱን ለእሷ በትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይልክላታል። አንድ ቀን ወደ ደሴ ወጣ፣ አልተመለሰም። ሞተ አልተባለም፣ አገባም አልተባለም። ከስንት ዓመት በኋላ መጽሐፉ እጇ ሲገባ ሬት በትለር ገና ሲወጣ በዚያ ጃኬት መጣባት።

«አባዬ ያውቃል?» አልኳት።

«በደንብ ነው እንጂ! ለዚህ አይደል አይመለስም ሲል የኖረው።»

እኔ እኮ ሕይወቴን ሙሉ ስለ መጽሐፍ የሚከራከሩ ይመስለኝ ነበር።

የቀረውን እሁድ ጨረስነው። ፌንተን ጋ ስንደርስ እንደተመከርኩት ውኃ ላምጣ ብዬ ተነስቼ አሳለፍኩት። ባሊሃራን ስትገዛ እናቴ «ጎሽ!» ብላ ጉልበቷን መታች፤ ቆላ ወረድ፣ አንቺን አስታወስኩሽ። መጨረሻ ላይ ሬት ተመልሶ ሲተቃቀፉ እልል ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ስኒዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። «ቸኮሉ» አለች፣ በቃ። መጽሐፉን ከጨርቁ አውጥታ የመጨረሻውን ገጽ አንብባ መልሳ ጠቀለለችው።

ጋሽ ካሴት፦

ልጄ፣ የደሴ መስመር ሾፌሮችን እኔም በደንብ አውቃቸዋለሁ። የዚያን ሰው ስም ጠይቂልኝ እስቲ።

የጠባሴ ልጅ፦

ጠየቅኳት ጋሼ። «እሱንም ፊልም ሲሠሩበት ታይዋለሽ» አለችኝ።