ፎቶዎቼ ጠፉ፣ ባነሩ ነገ 5 ሰዓት ይታተማል! እርዱኝ

የጉለሌ ባልትና (ማክሰኞ፣ ማታ 2:40)
ወገን ድረሱልኝ። እሁድ የተነሳኋቸው ፎቶዎች በሙሉ ጠፉ። ፎቶ አንሺው አሁን ደውሎ «ሚሞሪው አልከፈት አለኝ፣ ፎርማት አድርግ ይለኛል» አለ። ባነር የሚያትምልኝ ሰው ደግሞ ነገ ጠዋት 5 ሰዓት ላይ ፋይል ካላገኘ ወረፋዬን ለሌላ ይሰጣል። የአዲስ ዓመት ባዛሩ ቅዳሜ ይከፈታል። ለነገ ጠዋት ሌላ ፎቶ አንሺ ፈልጌ አጣሁ። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

ሌንስ ሃምሳ
አይዞሽ እህቴ። ግን ምንድን ነው የምትሸጪው? ባነሩስ ስንት በስንት ነው? ስልክሽ ምን ዓይነት ነው? የምትነሺው ቤት ውስጥ ነው ውጪ?

የመርካቶ ልጅ
መስኮት አጠገብ ቁሚ፣ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙሪ፣ መብራት አጥፊ። በቃ።

የጉለሌ ባልትና
ይቅርታ፣ ተቻኩዬ ነው። በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ሚጥሚጣ ነው የምሠራው፣ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ። ባነሩ ሮል አፕ ነው፣ ከማቆሚያው ውስጥ ተስቦ የሚቆመው፣ 80 በ200 ሳንቲም። ስልኬ ሳምሰንግ ነው፣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የምፈልገው እኔ ራሴ የምታይበትን ፎቶ ነው። እስካሁን ደንበኛ የሚያውቀኝ በድምፅ ብቻ ነው። ይኼኛው የመጀመሪያ ባዛሬ ነው።

እውነቱን ልናገር
እህቴ፣ አትቀየሚኝና ፊትሽ ለምን አስፈለገ? ሰው የሚገዛው በርበሬ ነው። ቀዩን በርበሬ በትልቁ አድርጊው፣ ስምሽን ጻፊበት፣ ጨረስሽ። አሁን ሁሉም ሰው እጁን አጣምሮ ባነር ላይ ይቆማል። ማን ማን እንደሆነ እንኳን አይለይም።

ዲሲ ነዋሪ
አልስማማም። እኔ በርበሬና ሽሮ ከአዲስ አበባ ነው የማስመጣው። በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር ይቀላቀላል ሲባል ስንት ጊዜ ሰማን? የተፈጨ በርበሬ ፎቶ ከሁሉም ጋር አንድ ነው፣ ከዚያ ላይ ምን እንዳለበት ማን ያውቃል? እኔ የምገዛት ሴትዮ ራሷ ስትቀነጥስ፣ ስታሰጣ፣ ስትከልስ አይቻታለሁ። ፊቷን ስለማውቀው ነው ገንዘቤን የምልክላት። እህቴ፣ ፊትሽ ይታይ። እጅሽ ግን በርበሬው ውስጥ ይሁን።

እውነቱን ልናገር
እሱ ይሻላል። እጅ ከማጣመር እሱ ይሻላል።

ጠጋኙ
ቆይ፣ ሁላችሁም ሚሞሪውን ረሳችሁት! እህቴ፣ አሁኑኑ ደውይለት። ፎርማት እንዳያደርግ። አንድም ፎቶ እንዳያነሳበት። ካርዱን ከካሜራው አውጥቶ በካርድ ሪደር ላፕቶፕ ላይ ይሰካው። ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ እሱን ያስነሳ። ያገኘውን ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ያስቀምጥ እንጂ ወደዚያው ካርድ መልሶ እንዳይጽፍ። ፎቶዎቹ የድሮ ስማቸውን ያጣሉ፣ ካርዱ ራሱ ካልሞተ ግን ብዙ ጊዜ ይገኛሉ። ትልቅ ካርድ ከሆነ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ይጀምር፣ ነገ ጠዋት አይደለም።

የመርካቶ ልጅ
መስኮቱን አትርሺ።

ጋሽ ዕቅድ
ልጄ፣ ሚሞሪው ቢገኝም ባይገኝም ነገ ጠዋት ተነሺ። በአንድ ነገር ላይ ብቻ አትንጠልጠይ። ለሃያ ዓመት ሰው ሳነሳ ኖሬያለሁ፤ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው ካሜራ ከመነሳቱ በፊት ነው። ሰው መጀመሪያ «ምን ልልበስ» ይላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ፎቶው የት ይቀመጣል» ነው። የባነሩ ፎቶ ስልኩ ቆሞ ይነሳል፣ ከጭንሽ በላይ፣ ከራስሽ በላይ ባዶ ቦታ ተትቶ። የቴሌግራም ፕሮፋይል ደግሞ ክብ ነው፣ ማዕዘኑን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ፊትሽ ቀረብ ብሎ መሐል ላይ ይነሳ። ሦስተኛው የእጅሽ ፎቶ ነው፣ በርበሬ ስትቀነጥሺ። እሱ ለፓኬቱም፣ ለቲክቶክም ይሆናል። እነዚህን ሦስቱን ዛሬ ማታ ወረቀት ላይ ጻፊ። ነገ አንዱን ሳትጨርሺ ወደ ሌላው አትሂጂ።

ልብስ ላይ ደግሞ ነጭ ቀሚስ ለብሰሽ ነጭ ግድግዳ ፊት አትቁሚ። ስልኩ ነጩን ለማስተካከል ሲል ፊትሽን ያጠቁረዋል። ከበርበሬ ጋር አረንጓዴ ያምራል፣ ጥቁር አረንጓዴ። ሻሽና ሽርጥ አድርጊ፣ የምግብ ሥራ ነው። ፀጉሯ ተለቆ በርበሬ የያዘች ሴት ባይ እኔ ራሴ አልገዛም።

የሚያነሳሽ ሰው ፈልጊ፣ በሰልፊ አይሆንም። የፊቱ ካሜራ ብዙ ጊዜ ከኋላው ያንሳል። ሁለት ሜትር ያህል ይራቅ። ባለ 0.5ቱን ሌንስ፣ ሰፋ አድርጎ የሚያሳየውን፣ አይንካው፣ ቀርበው ሲያነሱበት ፊት ይለጥጣል። ስክሪኑ ላይ ፊትሽን ነክቶ ብርሃኑን ያስተካክል፣ ከዚያ ያንሳ።

የሰፈር ልጅ
በርበሬው ሲፈጭ ብቻ እንዳትነሺ፣ ማስነጠስሽ ባነር ላይ ይወጣል 😄 የእናቴን አውቀዋለሁ።

የጉለሌ ባልትና
ጠጋኙ፣ ደወልኩለት። ፎርማት ሊያደርግ ነበር! አሁን እየሞከረ ነው። ፈጣሪ ይስጥልኝ። ጋሽ ዕቅድ፣ ሦስቱንም ጻፍኳቸው። እህቴ ታነሳኛለች። ግን ነሐሴ ነው፣ ደመና ነው። ለዝናቡ ብዬ ግቢው ላይ ሸራ ወጥሬያለሁ፣ ሰፊ ነው፣ በርበሬውም እዚያው ነው የተሰጣው። እዚያ ብነሳ አይሻልም?

ሌንስ ሃምሳ
ሸራው ምን ቀለም ነው?

የጉለሌ ባልትና
ሰማያዊ።

ሌንስ ሃምሳ
በፍጹም! ሰማያዊ ሸራ ሥር ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይመታል። ፊትሽ የታመመ ሰው ይመስላል፣ በርበሬው ቡናማ ይሆናል። ቀይ ካልሆነ ደግሞ ምን በርበሬ ነው? ሸራውን ጠዋት ግማሹን ግለጪው። ደመናውን አትፍሪው። ደመና ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ ከዓይንሽና ከአፍንጫሽ ሥር ጥቁር ጥላ አይወጣም። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ተነሺ። ካካፋ ወደ በረንዳ ግቢ፣ ፊትሽ ወደ ግቢው ይዙር። አንድ ሰው ነጭ ነጠላ ዘርግቶ ከወገብሽ በታች በኩል ይያዝልሽ፣ ብርሃን ወደ ፊትሽ ይመልሳል።

የመርካቶ ልጅ
በረንዳ ከሌለ መስኮት።

ከማተሚያ ቤት
እኛ ጋ በቀን ብዙ የተበላሸ ፋይል ይመጣል፣ ስለዚህ ስሚኝ። ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኪ በፎቶ መልክ አትላኪ፣ ያሳንሰዋል። በፋይል መልክ ላኪ። የስልክሽ ፎቶ 3000 በ4000 ፒክስል ገደማ ከሆነ ይበቃሻል። 80 ሳንቲም ወርድ ላይ ሲወጣ ቁመቱ 107 ሳንቲም ያህል ይሸፍናል። ከዚያ የሚተርፈው ለስምሽና ለስልክ ቁጥርሽ ይሁን። ከሁለት ሜትር ላይ ለሚያየው ሰው ጥራቱ ምንም አይልም። ዙም አድርገሽ ብቻ አታንሺ። ደግሞ የሮል አፑ ታችኛው ጫፍ ማቆሚያው ውስጥ ይገባል። ስልክ ቁጥር ታች አታድርጊ፣ ይዋጣል። ከዓይን ትይዩ ይሁን።

ዲሲ ነዋሪ
አብረውሽ የሚሠሩ ሴቶች ካሉ አስፈቅደሽ አስገቢያቸው። ባነር ላይ ባይሆን ቴሌግራሙ ላይ። ከጀርባሽ ሰው መኖሩ ደስ ይላል።

የጉለሌ ባልትና
ሁለት ናቸው፣ እጠይቃቸዋለሁ። ልተኛ፣ 11 ሰዓት እነሳለሁ።

ጠጋኙ (ረቡዕ፣ ጠዋት 4:20)
እህቴ፣ ሚሞሪው ምን ሆነ? ፎቶዎቹ ተገኙ?

ሌንስ ሃምሳ (4:50)
አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ሸራው ተገለጠ?

ልብስ ሰፊዋ (ሐሙስ፣ ማታ 1:15)
እኔም ለቅዳሜው ባዛር ነኝ፣ ሐበሻ ልብስ። የሱቄ ጣሪያ አረንጓዴ ፕላስቲክ ነው። ነጩ ቀሚስ ለምን አረንጓዴ እንደሚመታብኝ ዛሬ ገባኝ። ነገ ጠዋት ሁሉንም ደጅ አውጥቼ ደግሜ አነሳለሁ። የጉለሌዋ እህቴ፣ የት ጋ እንደተመደብሽ ጻፊልን፣ መጥቼ በርበሬ እገዛሻለሁ።