አየር መንገዶች ሲዋሃዱ የአብራሪው ቁጥር የት ይገባል?

እዚህ አሜሪካ አየር መንገድ ውስጥ ለምትሠሩ ወይም ለመግባት ለምታስቡ ወንድሞችና እህቶች። አላስካ አየር መንገድ ሃዋይያን አየር መንገድን በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ከገዛ ወዲህ ሲኒየሪቲ፣ ማለትም በቅጥር ዘመን የሚገኘው የተራ ቁጥር፣ እንዴት ይቀላቀላል የሚለው ወሬ እንደገና ተነስቷል፤ ብዙው ግን በስሜት ነው የሚወራው። የማውቀውን ልጻፍ።

በአብራሪ ሥራ ላይ ከሲኒየሪቲ ቁጥር የሚበልጥ ነገር የለም። ምን አውሮፕላን እንደምታበሩ፣ መቼ ካፒቴን እንደምትሆኑ፣ የት ከተማ እንደምትመደቡ፣ በዓልን ቤት መዋል አለመዋላችሁን ሳይቀር እሱ ነው የሚወስነው። ቅነሳ ሲመጣም የሚቆረጠው ከታች ነው። ድርጅት የለወጠ ሰው ደግሞ የቀድሞ ዘመኑ አይቆጠርለትም፤ ሌላ አገር ለሃያ ዓመት ካፒቴን የነበረ ሰው እዚህ ሲቀጠር ባለፈው ወር ከገባው ልጅ ሥር ረዳት አብራሪ ሆኖ ይጀምራል። ሙያውን ይዞ መጥቶ ከሀ የጀመረ ሁሉ ይሄን ያውቀዋል።

ውህደት ሲመጣ ግን ዘመናችሁ ለድርድር ይቀርባል። ጠቡም ከዚህ ይነሳል። አንዱ ወገን በቅጥር ቀን እንደርደር፣ ቀድሞ የገባ ይቅደም ይላል። ሲሰሙት ፍትሐዊ ነው። ሌላው ደግሞ «የእናንተ ድርጅት ሊዘጋ ነበር፤ እኔ እዚህ ካፒቴን ነኝ፣ አንተ ገና ረዳት ነህ፣ በምን ሂሳብ ትቀድመኛለህ?» ይላል። ይሄኛው የሚፈልገው ካፒቴኑ ከካፒቴን፣ ረዳቱ ከረዳት፣ ትልቅ አውሮፕላን የሚያበረው ከመሰሉ ጋር እየተመደበ በየድርሻው እንዲቀላቀል ነው።

የዚህ ጠብ ዋናው ታሪክ ዩኤስ ኤርዌይስ ነው። በ2005 ከአሜሪካ ዌስት ጋር ሲዋሃድ ለሁለተኛ ጊዜ ኪሳራ ውስጥ ገብቶ ነበር። የእሱ አብራሪዎች፣ ምሥራቆቹ የሚባሉት፣ 5,100 ገደማ ነበሩ፤ የአሜሪካ ዌስቶቹ፣ ማለትም ምዕራቦቹ፣ 1,900 ገደማ። ከምሥራቆቹ ብዙዎቹ ፈርሎ ላይ ነበሩ፤ ሥራ ሲኖር እንጠራችኋለን ተብለው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ሁለቱም በአንድ የአብራሪዎች ማህበር፣ በአልፓ፣ ሥር ስለነበሩ ነገሩ በማህበሩ ደንብ ወደ ግልግል ሄደ። ውሳኔው አስገዳጅ ነው ተብሎ ነው የተገባበት። የግልግል ዳኛው ጆርጅ ኒኮላው በ2007 ወሰኑ፦ ትልልቅ አውሮፕላን የሚያበሩ 500 ያህል ምሥራቆች አናት ላይ፣ ፈርሎ ላይ ያሉት ግርጌ ላይ፣ የቀረው መሃል ላይ ተቀላቅሎ። 17 ዓመት የቆየ የምሥራቅ ሰው ጥቂት ወራት ከሠራ የምዕራብ ልጅ በታች ሆኖ ቁጭ አለ።

ምሥራቆቹ አሻፈረን አሉ። ዩሳፓ የሚባል የራሳቸውን ማህበር አቋቁመው፣ ቁጥራቸው ስለሚበልጥ በ2008 በድምፅ አልፓን አስወጡ። ዓላማው በቃ የቅጥር ቀን ነው። ዝርዝሩ ሥራ ላይ የሚውለው የጋራ የሥራ ውል ሲፈረም ስለሆነ ውሉ ለዓመታት ሳይፈረም ቀረ። ከዚያ ክስ በክስ ላይ ሆነ። በ2009 ጁሪው ለምዕራቦቹ ፈረደ፣ በ2010 ይግባኝ ሰሚው ጉዳዩ ገና ጊዜው አልደረሰም ብሎ ሻረው፣ በ2015 ያው ፍርድ ቤት ዩሳፓ አባላቱን በፍትሐዊነት የመወከል ግዴታውን ጥሷል አለ። እስከዚያ ድረስ አንድ ዓይነት ቀለም የተቀባ አውሮፕላን እያበረሩ ምሥራቅና ምዕራብ ለየብቻ ነበር የሚመደቡት። ምሥራቆቹ በኪሳራው ወቅት በተቆረጠ ደመወዝ ላይ ተቸክለው ቀሩ፤ በዚያው ላይ እያሉ ለጡረታ የደረሱ አሉ። አንድ ዝርዝር የወጣው ድርጅቱ ከአሜሪካን አየር መንገድ ጋር ከተዋሃደ በኋላ፣ በ2016፣ በሌላ ግልግል ነው።

ምሥራቆቹ አልተበደሉም አልልም። 17 ዓመት ቀልድ አይደለም፤ አልፓ ራሱ በ2009 ደንቡን አሻሽሎ የአገልግሎት ዘመን አብሮ እንዲታይ አድርጓል። ግን አስገዳጅ ነው ብለህ የገባህበትን ግልግል ስላልጣመህ ስትጥለው የምታጣው ደመወዝ ከምታተርፈው ቁጥር ይበልጣል። ሳውዝዌስት በ2011 ኤር ትራንን ሲገዛም የኤር ትራን ማህበር መሪዎች የመጀመሪያውን ስምምነት ለአባላቱ እንኳን ሳያቀርቡ ጣሉት፤ በኋላ የተቀበሉት የባሰ ነበር።

ተቃራኒው ደግሞ ቲደብሊውኤ የሚባለው አየር መንገድ ነው። በ2001 አሜሪካን አየር መንገድ ሲገዛው ከአብራሪዎቹ ከግማሽ በላይ፣ ከአስተናጋጆቹ ደግሞ ሁሉም፣ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ ተለጠፉ። ከሴፕቴምበር 11 በኋላ ቅነሳ ሲመጣ ተጠርገው የወጡት እነሱ ናቸው። አብራሪዎቹ በደንብ አልወከለንም ብለው አልፓን ከሰሱ፤ በ2011 ጁሪው ፈረደላቸው፣ በ2014 በ53 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ። ሥራው ግን አልተመለሰም። የሚዙሪ ሴናተሮች ማካስኪልና ቦንድ በ2007 ያሳለፉት ሕግ ከዚህ የመጣ ነው፦ ዝርዝሩ ፍትሐዊና ሚዛናዊ ይሁን፣ መስማማት ካልተቻለ ወደ ግልግል ይሂድ። ሁለቱም ወገን አንድ ማህበር ሥር ከሆኑ ግን የሚሠራው የማህበሩ ደንብ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን አንብቡ።

ቁጥሩን ብቻ አትዩ። አጥር አለ ወይ፣ ማለትም የእናንተ አውሮፕላኖችና ቤዞች (የምትመደቡባቸው ከተሞች) ለተወሰነ ዓመት ለእናንተው ይጠበቃሉ ወይ፣ ብላችሁ ጠይቁ። የተሻለ ቁጥር ያለው ሰው አጥር ከሌለ ካፒቴንነቱን ሊያጣ ይችላል። ዝርዝሩ ከመቀላቀሉ በፊት ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ዝርዝር ያረጋግጣሉ፤ የቅጥር ቀናችሁ፣ የልደት ቀናችሁ፣ ፈርሎ የነበራችሁበት ጊዜ በትክክል መመዝገቡን ያኔ እዩ። ስህተት ካለ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ኮፒውንም ያዙ። ዝርዝሩ ከጸደቀ በኋላ የልደት ቀኔ ተሳስቷል ብሎ መሟገት ከባድ ነው።