«ኳድ ሲቲ ተንደር» የሚባለውን የቅርጫት ኳስ ቡድን የሚያውቅ አለ?

የጠባሴ ልጅ፦
ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሰልባጅ ስመርጥ አንድ ወፍራም ሹራብ አገኘሁ። ደረቱ ላይ «ኳድ ሲቲ ተንደር» ይላል። ክርኑ ጋ ተተርትሯል፤ ለጠባሴ ብርድ ግን አንደኛ ነው። በኤንቢኤ፣ በአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የሚጫወተው የኦክላሆማው ተንደር መስሎኝ ነበር፣ አይደለም። ጠዋት ጠዋት የማሰለጥናቸው ልጆች «የማን ቡድን ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። የምመልሰው አጣሁ። ቡድኑ ዛሬም አለ?

መንዜው፦
የለም ወንድሜ፣ ፈርሷል። ኦክላሆማ ስሙን ያወጣው በ2008 ነው፤ ያንተው በ1987 ጀምሯል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ኳድ ሲቲ የሚባሉት በሚሲሲፒ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ አይዋና ኢሊኖይ በሚባሉ የአሜሪካ ግዛቶች ላይ ተጠጋግተው ያደጉ ከተሞች ናቸው። ቡድኑ መጀመሪያ የተጫወተው ሞሊን ከተማ፣ ዋርተን ፊልድ ሃውስ በሚባል አሮጌ አዳራሽ ነው። የዛሬው አትላንታ ሃውክስ፣ ገና ትራይ ሲቲስ ብላክሃውክስ እየተባለ ሳለ፣ እዚያው አዳራሽ ይጫወት ነበር።

ተንደር የነበረበት ሊግ ሲቢኤ ይባል ነበር፣ ከኤንቢኤ በታች ያለ። የኤንቢኤ ቡድኖች ሰው ሲጎድላቸው ከዚያ በ10 ቀን ውል ይወስዱ ነበር። ተንደር በ1994 እና በ1998 ዋንጫ በልቷል።

አወዳደቁ ነው የሚያንገበግበኝ። በ1999 የቀድሞው የዲትሮይት ተጫዋች አይዛያ ቶማስ ሊጉን ከነቡድኖቹ በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። በዓመቱ ኤንቢኤ ሊጉን ልግዛህ ቢለው አልተስማሙም። ከዚያ ቶማስ የኤንቢኤውን ኢንዲያና ፔሰርስን ሊያሰለጥን ተቀጠረ። የኤንቢኤ አሰልጣኝ ሆኖ ሊግ መያዝ ደግሞ አይፈቀድም። ሊጉ በአደራ ተንጠልጥሎ ቆየና የካቲት 2001 ላይ ውድድሩ በመሃል ቆመ። ጥቂት ቡድኖች ወደ ሌላ ሊግ ተሻገሩ። ተንደር በዚያው ቀረ። ሜዳ ላይ ተሸንፎ አይደለም የጠፋው!

እኔም በወጣትነቴ የተጫወትኩበት ቡድን በአንድ ደብዳቤ ነው የፈረሰው። ማልያችንን አጥበን፣ በማዳበሪያ ጆንያ ሞልተን መለስን። የኔ 9 ቁጥር ነበር።

አንኮበር፦
ከዚያ ሊግ የወጣ የምናውቀው ሰው አለ?

መንዜው፦
ሞልቷል። የኒውዮርክ ኒክሶቹ ጆን ስታርክስና አንቶኒ ሜሰን በሲቢኤ አልፈዋል። አሰልጣኙ ፊል ጃክሰንም ወደ ቺካጎ ቡልስ ከመሄዱ በፊት የአልባኒን ቡድን ይዞ በ1984 ዋንጫ ወስዷል።

የጠባሴው፣ ለልጆችህ የሚሆን አንድ ነገር ልንገርህ። በሲቢኤ አንድ ጨዋታ 7 ነጥብ ነበረው። ላሸነፈ 3፣ ቀሪው 4 ለአራቱ ኳርተሮች (የጨዋታው አራት ክፍሎች) አንድ አንድ፣ ክፍሉን ላሸነፈ። በ20 እየተመራህም የመጨረሻውን ኳርተር ካሸነፍክ ነጥብ ይዘህ ትወጣለህ። ለጀማሪ ልጅ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

የጠባሴ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት እንዳሉት አጫወትኳቸው። ሦስቱን ኳርተር የተሸነፉት ልጆች አራተኛውን 8 ለ 6 ወሰዱ። አንዷ ልጅ ውርጩ ገና ሳይለቅ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ስትዘል ነበር። ሹራቡንም ልብስ ሰፊ ጋ ሰጥቻለሁ፣ ሐሙስ ይደርሳል።