የጋራ ፕሮፖዛላችን፦ የዳታ ጥበቃ ሕግ መምህር ከየት ይምጣ?

ሰብሳቢ
ሰላም ናችሁ ወገኖች። ለሕግ ትምህርት ቤቶች የምናቀርበው ፕሮፖዛል እስከ ዓርብ ማለቅ አለበት። ረቂቁ «የዲጂታል አስተዳደር የልህቀት ማዕከል ይቋቋም» ይላል። ሐሳባችሁን ወዲህ በሉ፤ ይሉኝታ ይቅር።

አባል፣ ባሕር ዳር
ጋሼ፣ እኔ አልተዋጠልኝም። ማዕከል ማለት ቢሮና ታፔላ ነው። ሰው የለንም እኮ! የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ፤ ይሄን የሚያስተምር ሲፈለግ ግን ዓለም አቀፍ ሕግ የሚያስተምረው ላይ ይጣላል፣ እሱም ሌሎች ኮርሶቹን እንደተሸከመ ማታ የአውሮፓ ኅብረትን የዳታ ጥበቃ ደንብ፣ ጂዲፒአርን፣ ሲያነብ አምሽቶ ጠዋት ክፍል ይገባል። በሰል ሲል ባንክ ይወስደዋል። አልፈርድበትም፣ ደመወዙን እናውቀዋለን።

አባል፣ ሆላንድ
ልክ ነህ። እዚህ ዶክትሬት የምንሠራውም ብንሆን ጽሑፋችን ሁሉ ስለ ብራስልስና ሉክሰምበርግ፣ ስለ አውሮፓ ኅብረት ሕግና ፍርድ ቤት ነው። የማላቦ ስምምነት፣ የአፍሪካ ኅብረት የሳይበር ደኅንነትና የግል ዳታ ጥበቃ ስምምነት ማለት ነው፣ በኅብረቱ ተቀባይነት ያገኘው በ2014 እ.ኤ.አ. ሲሆን 15ኛዋን አጽዳቂ አገር አግኝቶ ሥራ ላይ የዋለው ግን በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ነው። ለምን ዘጠኝ ዓመት ፈጀ? ይሄን የሚመረምር ከእኛ ወገን ካልወጣ ማን ይጽፈዋል? ለዶክትሬት የሚላክ ሰው ርዕሱን ከአገር ቤት ይዞ ይሂድ፣ ከሁለቱ አማካሪ መምህራን አንዱም አገር ቤት ያለ ይሁን ብለን እንጻፍ።

አባል፣ ናይሮቢ
ርዕስ ሞልቷል። ኬንያ የዳታ ጥበቃ ሕጓን በ2019 እ.ኤ.አ. አወጣች። በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ከፍተኛው ፍርድ ቤቷ የሁዱማ ካርድን፣ የአገሪቱን ዲጂታል መታወቂያ፣ ሥርጭት ውድቅ ያደረገው አስቀድሞ የዳታ ጥበቃ ተጽዕኖ ግምገማ፣ ማለትም በሰዎች ዳታ ላይ ሊደርስ የሚችለው አደጋ ምዘና፣ አልተሠራም ብሎ ነው። መንግሥት ምዝገባው የተካሄደው ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ አልሠራለትም። እኛስ? የዲጂታል መታወቂያ አዋጃችን በ2015 ዓ.ም.፣ የዳታ ጥበቃው በ2016 ዓ.ም. ወጡ። ቅደም ተከተሉ ራሱ ለአንድ ሴሚስተር ክርክር ይበቃል።

አባል፣ ሐዋሳ
እኔ ደግሞ ከመሬት ልነሳ። ግቢያችን በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ተማሪው ፋይዳውን በቴሌግራም ይልክለታል፣ ልጁ ያትምለታል፣ ፋይሉ ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ባለፈው ወረፋ ስጠብቅ ስክሪኑን አየሁት፦ ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ ባለ 12 አሃዙ ቁጥር፣ የማንም የማንም ተደርድሯል። ልጁ ክፋት የለውም፤ ማጥፋት እንዳለበት የነገረው የለም። ተማሪዎቼን ጂዲፒአር ከማስተማሬ በፊት ወደዚህ ቤት ብወስዳቸው ደስ ይለኛል። ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎቻችን እንደሆኑ አሉ። የዳታ ጉዳይም ይቀበሉ፤ ተማሪው ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚቀርብ አቤቱታ መጻፍ ይልመድ።

አባል፣ ባሕር ዳር
እሱን ደገፍኩ! ኦስትሪያዊው ማክስ ሽሬምስም በ2011 እ.ኤ.አ. ፌስቡክ ላይ አቤቱታ ሲያስገባ የሕግ ተማሪ ነበር፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በአውሮፓና በአሜሪካ መካከል የነበረው የዳታ ዝውውር ስምምነት የፈረሰው በእሱ ጉዳይ ነው።

ሰብሳቢ
መልካም። የማዕረግ ዕድገትስ? እኔ ባለሁበት በአማርኛ የተጻፈ የአዋጅ ማብራሪያ ነጥብ አያስገኝም፤ የሚቆጠረው የውጭ ጆርናል ነው። ዳኛውና ዐቃቤ ሕጉ የሚያነቡት ግን አማርኛውን ነው። ይሄ ካልተስተካከለ ወጣቱ ለማን ብሎ ይጻፍ?

አባል፣ ሆላንድ
እንዲያውም ይሄ መጀመሪያ ይግባ። ገንዘብ የማይጠይቅ ጥያቄ እሱ ብቻ ነው።

አባል፣ ናይሮቢ
ገንዘብ ባይጠይቅም ሴኔት ይጠይቃል፣ ሴኔት ደግሞ ከገንዘብ ይብሳል 😄

ሰብሳቢ
እንግዲህ «ማዕከል» የሚለውን ሰርዤዋለሁ። በምትኩ፦ «አባል ትምህርት ቤቶች ቢያንስ አንድ መምህር በዳታ ጥበቃና በዲጂታል አስተዳደር ብቻ እንዲሠራ ይመድቡ፤ ሌላ ኮርስ አይጫንበት፤ በአማርኛ የሚያወጣው ማብራሪያ በገምጋሚ ከታየ ለዕድገት ይያዝለት፤ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉን የዳታ ጉዳዮችም ይምራ።» የዶክትሬቱን አንቀጽ ሆላንድ ያለሽው ጨምሪበት። በጀቱን ማን ይያዝ?

አባል፣ ሐዋሳ
የሕግ ድጋፉን ክፍል እስከ ረቡዕ እጽፋለሁ። በጀት ላይ ግን አታስገቡኝ፤ ኤክሴል የሚችል ሰው ፈልጉ።

አባል፣ ባሕር ዳር
ያለፈውን ዓመት ፋይል ላኩልኝ፣ እሞክረዋለሁ።