ከባድ የብር ስቅለት ለሞተረኛ አንገት፦ ከውጭ ላስመጣ ወይስ ጎንደር ላሠራ?

የአዘዞው ሞተረኛ

ከአዘዞ ፒያሳ፣ አንዳንዴም እስከ ደባርቅ በሞተር ብስክሌት እመላለሳለሁ። ማተቤ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል አለች፤ እሷ እንዳለች ሆና፣ የተሰቀለው ጌታ ምስል ያለበት ከባድ የብር መስቀል በሰንሰለት ማድረግ እፈልጋለሁ። ስስ ነገር አልወድም። የውጭ አገር ሞተረኞች የሚያደርጉት ዓይነት፣ ጎድጓዳው ጠቁሮ ጉብታው የሚያበራ፣ ሰንሰለቱ ወፈር ያለ ይሁን። ጀርመን ያለው የአክስቴ ልጅ አንድ አግኝቶ ፎቶውን ልኮልኛል፦ 925 የሚል ማኅተም አለበት፣ 45 ግራም ይመዝናል፣ ቁመቱ 6 ሳንቲሜትር ነው፣ ከግርጌው ደግሞ የራስ ቅል ተቀርጿል። እናቴ የራስ ቅሉን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። ከአያቴ የቀሩ ሁለት ጠገራ ብሮችም ቤት አሉ፤ እነሱን አቅልጦ እዚሁ ማሠራትም ይቻል ይሆናል። የቱ ይሻላል ትላላችሁ?

ብር አንጥረኛ

ወንድሜ፣ ከክብደቱ በፊት ጀርባውን ተመልከት። ፎቶ የሚነሳው ፊቱ ነው፤ የሠሪው ጠባይ የሚታወቀው ግን ከጀርባው ነው። ጀርባው ጎድጎድ ብሎ ባዶ ከሆነ 45 ግራም አይሞላም፤ የመርፌ ቀዳዳ የመሰሉ ነጠብጣቦች ከበዙበት ደግሞ ሲፈስ አየር ገብቶበታል። ከዚያ እጆቹን እይ። በደህና ሥራ ላይ ጣቶቹ ይለያሉ፣ የጎን አጥንቶቹ ይቆጠራሉ፣ ራሱ ወደ ቀኝ ትከሻው ዘንበል ማለቱ ይታወቃል። በመጥፎ ሥራ ላይ ፊቱ የቀለጠ ሰም ይመስላል። የጌታን ፊት እንደዚያ አድርጎ የሚሸጥ ሰው ያሳዝነኛል።

925 ማለት ከ1000 እጅ 925ቱ ብር፣ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። ማኅተሙን ማንም ሊመታ ይችላል፤ ውኃ ግን አይዋሽም። ግራምን በነጥብ የሚያሳይ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጥና ሚዛኑን ዜሮ አድርግ። መስቀሉን በቀጭን ክር አስረህ ታችና ጎኑን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ አጥልቀው። ባለ 45 ግራሙ 4.3 ወይም 4.4 ካሳየ ለብሩ የሚስማማ ነው። ወደ 5.3 ከተጠጋ በብር የተለበጠ ነሐስ ወይም ውስጡ ክፍት ነው። ድንጋይ የተሰካበት ከሆነ ይህ ፈተና አይሠራም።

የሰንበት ተማሪ

ስለ ራስ ቅሉ እኔ ልመልስ፤ እናትህ የደነገጠችው ያለ ምክንያት አይደለም፣ ግን እንድትረጋጋ የሚያደርግ ነገር አለ። በብዙ የስቅለት ሥዕሎች ከመስቀሉ ግርጌ የራስ ቅል ይሣላል፤ የአዳም ነው፤ ደሙ በላዩ ሲንጠባጠብ የሚታየውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ከእግሩ ሥር ያለ የራስ ቅል ቦታው ነው። በመስቀሉ ክንዶች ጫፍ ላይ የተደረደሩ፣ ወይም ከሁሉ የከፋው በጌታ ፊት ቦታ የገባ የራስ ቅል ግን ጌጥ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን አትግዛ። እናትህን ይዘህ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግባ፤ ከመቅደሱ በር በላይ፣ ከሥላሴ ሥዕል ሥር ስቅለቱን ቆማችሁ እዩት። የመረጥኸውንም ከማድረግህ በፊት ለንስሐ አባትህ አሳይና ይባረክልህ።

የአዘዞው ሞተረኛ

እግዚአብሔር ይስጥልን። በፎቶው ላይ የራስ ቅሉ ከእግሩ ሥር ነው፣ ለእናቴም ነገርኋት። ጋሼ፣ ስለ ጠገራ ብሮቹስ ምን ይላሉ? ቀልጠው 925 ይሆናሉ?

ብር አንጥረኛ

አይሆኑም፤ ይሆናሉ የሚልህም ካለ ከሱቁ ውጣ። ጠገራ ብር ከ1000 እጅ 833ቱ ነው ብር፤ በላዩ ያለው 1780 የሚለው ዓመትም መቼ እንደተመታ አይነግርህም፣ ከዚያ በኋላ የተመቱት ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዘዋል። አንዱ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን ሁለቱ 56 ግራም ናቸው። ወደ 925 ለማድረስ 69 ግራም ያህል ንጹሕ ብር መጨመር አለብህ፤ ያኔ መስቀሉ የአያትህ ብር ሳይሆን የገበያ ብር ይሆናል።

እኔ ብሆን እንዳለ አቀልጠው ነበር። የአባቶቻችን የአንገት መስቀል ብዙው ከዚሁ ብር የተሠራ ነው። መዳቡ በዛ ስለሚል ቶሎ ይጠቁራል፣ ቀለሙም ሞቅ ይላል፤ አንተ የምትፈልገው ጎድጓዳው የጠቆረ ስለሆነ ይስማማሃል። ምስሉን በሰም የሚቀርጽ ሠሪ ፈልግ፤ ለብክነትና ለሞረድ የሚሄደውን አስበህ ከ45 እስከ 50 ግራም የሚመዝን መስቀል ይወጣሃል። ብሮቹ ሲቀልጡ እዚያው ቁም፣ 925 የሚል ማኅተምም እንዳያደርጉበት።

የደባርቅ መንገድ

እኔም ሞተረኛ ነኝ፣ ስለ አለባበሱ ልጨምር። የክንዶቹ ጫፍ ክብ ይሁን፤ ስትወድቅ ደረትህን የሚመታው እሱ ነው። ሰንሰለቱ ከ4 ሚሊሜትር አይቅጠን፣ መስቀሉን የሚይዘው ቀለበት ተበይዶ የተዘጋ ይሁን፤ በጉልበት የተጣመመ ብቻ ከሆነ ኮረኮንች ይከፍተዋል። ስትነዳ ከጃኬትህ ሥር ይግባ እንጂ ውጭ ተንጠልጥሎ አይወዛወዝ። በሶዳና በአሉሚኒየም ወረቀት አትጠበው፤ የተጠቆረውን ሁሉ ይገፍልሃል። በለስላሳ ጨርቅ ጉብታውን ብቻ ወልውል።

የአዘዞው ሞተረኛ

የጀርመኑን ትቼዋለሁ። ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ብሮቹን ይዘን እንወጣለን፤ በሰም ቀርጾ የሚያፈስ ሠሪ ፒያሳ አካባቢ የምታውቁ በውስጥ መልእክት ጠቁሙኝ። የራስ ቅሉ ከግርጌው ይሁን ያለችው ራሷ እናቴ ናት።