የአክስቴ እርሾ የማን ነው? የድሬ ልጆች ክርክር

የሳቢያኗ፦ ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ጠላ የምትጠምቅ አክስት አለችኝ። ትናንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቤቷ መጣ። ከጥንስሷ በብልቃጥ ወስዶ የእርሾውን ዘረመል ማጥናት ይፈልጋል። አክስቴ «ውሰድ ልጄ» ልትል ስትል እኔ አስቆምኳት። ውል ሳይጻፍ መውጣት የለበትም ባይ ነኝ። እናንተስ?

ከዚራ፦ አቦ አታካብጂ! እርሾ ማንም አልፈጠረውም። የላገር ቢራ እርሾ የሁለት ዝርያ ድቅል ነው። አንዱ ወላጁ፣ ሳካሮማይሲስ ዩባያነስ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ፓታጎንያ ጫካ ውስጥ መገኘቱ ተሰማ። በኋላ ቲቤትም አየርላንድም ተገኘ። የማን እንበለው? የዴንማርኩ ቢራ ፋብሪካ ካርልስበርግም ተመራማሪው ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1883 ነጥሎ ያወጣውን ንጹህ እርሾ ለሌሎች ጠማቂዎች በነጻ ሰጥቷል።

የሳቢያኗ፦ ካርልስበርግ የሰጠው የራሱን ነው፤ ያውም ፈቅዶ። «ማንም አልፈጠረውም» ያልከው ግን አይዋጥልኝም። የዱር እርሾ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል ሽታ የሚያመጡ ጂኖች አሉት። በብዙ የቢራ እርሾዎች ውስጥ እነዚህ ጂኖች ተበላሽተው ነው የተገኙት። ጠማቂዎች ሽታውን ስላልወደዱት፣ ደህና ከወጣው እያስቀሩ ለቀጣዩ ሲጠቀሙ የመጣ ነው። ይሄ የሰው እጅ ሥራ ነው።

አክስቴን ብታያት። ጥንስሱ ካማረላት አንድ ጭልፋ በቅል ታስቀራለች። በማግስቱ ክዳኑን ከፍታ ታሸታለች፣ በጣቷ ነክታ ትቀምሳለች። ካልጣማት ትደፋዋለች። ስንት ዓመት እንዲህ ስትመርጥ ኖራ ዛሬ «የማንም አይደለም» ትባል?

ለገሃር፦ ጋኑ እኮ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። እናቴ ምንም አታስቀርም ነበር።

የሳቢያኗ፦ የእናትሽ እርሾ ከጌሾውና ከብቅሉ የሚነሳ ነው፤ እሱ ላይ አልከራከርም። የማወራው ስለሚያስቀሩት ነው።

መምህሩ፦ ኖርዌይ ገጠር ክቫይክ የሚባል እርሾ አለ። ገበሬዎች በእንጨት ቀለበት ላይ እያደረቁ ለልጅ ልጅ ሲያወርሱት ኖረዋል። የላገር እርሾ 10 ዲግሪ አካባቢ ቅዝቃዜ ይወዳል። ክቫይክ ግን እስከ 40 ዲግሪ ይሠራል። ዛሬ የእርሾ ኩባንያዎች በፓኬት ይሸጡታል፤ ማቀዝቀዣ የሚያስወጣውን ወጪ የሚያውቅ ጠማቂ ይገዛዋል። የድሬን ሙቀት የለመደ እርሾ ከተገኘ ፈላጊ አያጣም። ሕግ ደግሞ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998። የዘረመል ሀብት ለመውሰድ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ማኅበረሰቡም ከጥቅሙ ይካፈላል ይላል። የጤፉን ነገር አንርሳ። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የያዘው ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) በሄግ ፍርድ ቤት የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። እስከዚያ ስንት ዓመት አለቀ!

ከዚራ፦ ስለ ሕጉ እሺ። ግን ልጁ ኩባንያ አይደለም። በወረቀት ብዛት ካባረርነው ጠላችን ሳይጠና ይቀራል። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ።

የሳቢያኗ፦ ይባረር መች አልኩ? ፈቃዱን ዩኒቨርሲቲው ያውጣ። ከአክስቴ ጋር አንድ ገጽ ይበቃል። ከማን ቤት እንደወሰደ ይጻፍ። ሳያስፈቅዳት ለሌላ አያስተላልፍ። ውጤቱን መጥቶ በአማርኛ ያስረዳት።

አሁን አነበብኩላት። አንድ ነገር ጨምሪ አለችኝ፦ ግንቦት ላይ ጠላዋ ለምን ቶሎ እንደሚኮመጥጥ ይንገራት።