ሁለት ባለ 200 ባትሪዎችን በትይዩ ወይስ በተከታታይ ላገናኝ?

ጠያቂ (ሱሉልታ)፦ ጤና ይስጥልኝ። መብራት በተደጋጋሚ ስለሚጠፋብን እያንዳንዳቸው ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር-ሰዓት የሆኑ ሁለት አዳዲስ ጄል ባትሪዎች ገዝቻለሁ፤ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት 220 ቮልት የሚቀይረውን ኢንቨርተር ግን ገና አልገዛሁም። ማታ ለአምፖሎች፣ ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ፣ ከተቻለም ውኃ ወደ ሮቶ ለሚገፋው የአንድ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ እፈልገዋለሁ። በተከታታይ ከተገናኙ የሚያጠራቅሙት ኃይል በግማሽ ይቀንሳል መባሉ እውነት ነው? ከአሮጌ መኪና የወጣ ባትሪስ ልጨምርበት?

መልስ (ለገጣፎ)፦ አይቀንስም። በትይዩ (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ሲገናኙ 12 ቮልት በ400 ቢባዛም፣ በተከታታይ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ) ሲገናኙ 24 ቮልት በ200 ቢባዛም ውጤቱ 4,800 ዋት-ሰዓት ነው። ልዩነቱ በኬብሉ በሚያልፈው ኩረንት ላይ ነው፦ 1,000 ዋት የሚስብ ጭነት፣ የኢንቨርተሩ ብክነት ሲታከልበት፣ በ12 ቮልት ወደ 100 አምፔር፣ በ24 ቮልት ግን ወደ 50 አምፔር ብቻ ስለሚጠይቅ ኬብሉ ይቀጥናል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። እኔ ብሆን ባለ 24 ኢንቨርተር እገዛ ነበር። ባትሪዎቹ እንዲቆዩልዎ ከግማሽ በታች ካላወረዷቸው፣ በአማካይ 180 ዋት ለሚፈጅ ቤት አሥር ሰዓት ያህል ያገለግላሉ። ፓምፑን ግን ይተዉት፤ 746 ዋት ቢባልም ሲነሣ የዚያን ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ ለእርሱ ሲሉ ትልቅ ኢንቨርተር ከመግዛት መብራት ባለ ጊዜ ሮቶውን መሙላት ይሻላል።

መልስ (ሰበታ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ)፦ የመኪናውን ባትሪ በፍጹም አይቀላቅሉ። ሞተር ለማስነሣት እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ኃይል እንዲሰጥ አልተሠራም፤ የደከመው ባትሪ አዲሶቹንም ይጎትታቸዋል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 1,000 ዋት ኢንቨርተር በነፃ ሊሰጠኝ ነው፤ እርሱን ብጠቀም ምን ላድርግ?

መልስ (ሰበታ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ)፦ እንግዲያውስ በትይዩ ያገናኟቸው፤ ነገር ግን የኢንቨርተሩን ፖዘቲቭ ከአንደኛው ባትሪ፣ ኔጋቲቩን ከሁለተኛው ይውሰዱ። ሁለቱንም ከአንዱ ባትሪ ላይ ከወሰዱ፣ ቅርቡ ባትሪ አብዛኛውን ጭነት ይሸከምና ቀድሞ ይሞታል። ኬብሉ 35 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ በተቻለ መጠንም አጭር ይሁን። ለዲሲ (ለባትሪ ኩረንት) የተሠራ ፊውዝ ፖዘቲቩ ላይ፣ ከባትሪው አጠገብ ያድርጉ፤ ፊውዙ ኢንቨርተሩ ዘንድ ከሆነ በመሃል ያለው ኬብል ሾርት ሲያደርግ የሚያቋርጠው ነገር አይኖርም። የኢንቨርተሩን 220 ቮልት ያለ ቼንጅኦቨር ማብሪያ (ቤቱን ከውጭው መስመር ወይም ከኢንቨርተሩ ከአንዱ ጋር ብቻ የሚያገናኝ) ከቤቱ መስመር ጋር አያገናኙ፤ ኃይሉ ወደ ውጭ ወጥቶ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።